ቃልና ወረቀት፤ ስለ ኑዛዜ ታሪክ በሰሜን ሸዋ

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው። ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ሲገልጥ ተናዘዘ ይባላል፤ ሀብቱን ለልጆቹ ሲደለድልም ተናዘዘ ይባላል። የግእዙ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ነውና፣ በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ነፍሱንና ከብቱን በአንድ አፍ ያሰናብት እንደነበረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

በደነባና በአካባቢዋ፣ በሲያደብርና ዋዩ ጥቁር መረሬ ላይ፣ እንደ ሌላው የሸዋ ደጋ ሁሉ ኑዛዜ ለረጅም ዘመን በቃል የሚፈጸም ሥርዓት ነበር። ሕመሙ ሲጠና የንስሐ አባት ይጠራሉ፤ የሰፈር ሽማግሎች ይሰበሰባሉ። ታማሚው ያለበትን ዕዳና በሰው እጅ ያለውን ገንዘብ አስቀድሞ ይናገራል፤ በሬው ለማን፣ ላሚቱ ለማን እንደምትሆን፣ ለተዝካር የሚወጣውም እህል ከየትኛው ጎተራ እንደሆነ ይደለድላል፤ በመጨረሻም ቃሉን የሚያፈርሰውን ይረግማል። ለመድረክ የምጽፍ ሰው በመሆኔ ይህን ሥርዓት ሳስብ በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ መዝገብ ሆነው ይታዩኛል፤ ማኅተሙ እርግማኑ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ራሱን የቻለ አንቀጽ ቢኖረውም በገጠር ክርክር ሲነሣ ሚዛኑን ይይዝ የነበረው የሽማግሎች ትዝታ ነበር።

ርስት ከአቅኚ አባት የሚወርድ ስለነበረ ወንድም ሴትም ልጅ ይካፈለው ነበር። በሸዋ ግብሩን ሰብስቦ የሚያገባው በኩሩ «አለቃ»፣ ታናናሾቹ «ምንዝር» ይባሉ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መተዳደሪያ የሚተከለው መሬት ደግሞ ዛሬ በሕግ ቋንቋ የአደራ ንብረት ከሚባለው ጋር ይቀራረባል፤ ሰጪው ካለፈ በኋላም ከታሰበለት አገልግሎት እንዳይወጣ በውግዘት ይታሰር ነበርና። በሰው መሬት ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚናዘዘው መሬት አልነበረውም።

ከዚህ ላይ ብዙ ያልተወሳ አንድ ነገር ላንሣ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር በአንጎለላ ውል ተዋዋሉ። ስለዚህ ውል ሲነገር የሚጠቀሰው ወዳጅነቱና ንግዱ ነው። ሐሪስ በመጽሐፉ እንደገለጠው ግን ንጉሡ በውሉ ከተዉአቸው መብቶች አንዱ፣ በግዛታቸው የሚሞተውን የባዕድ ሰው ንብረት ለዘውዱ የመውሰድ መብት ነበር። ይህም ማለት እስከዚያ ድረስ ከሩቅ አገር መጥቶ ሸዋ ላይ የሞተ ነጋዴ የቱንም ያህል ቢናዘዝ ዕቃው ለልጆቹ ይደርሳል ብሎ ሊተማመን አይችልም ነበር። ሐሪስ ይህን ሲጽፍ የአረመኔ ልማድ ያስተወ ሰው መስሎ ይታያል። ይሁንና ፈረንሳይ የዚሁን ዓይነት ሕግ ፈጽማ የሻረችው በ1819 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከአንጎለላው ውል 22 ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

የኑዛዜን ኃይልም ድካምም አጉልቶ ያሳየው የዳግማዊ ምኒልክ ቃል ነው። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው ማድረጋቸውን በአዋጅ አስነገሩ፤ አፍራሹንም በብርቱ እርግማን አሰሩት። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሲሽሩ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቱአቸው። ነገሩም በጥቅምት በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በሰገሌ ሜዳ፣ በደም ተወራረደ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ እርግማኑን በፊርማ ተካው። ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን፣ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈውን ኑዛዜና የቃል ኑዛዜን ለይቶ ደነገገ። የአባቶቻችን የቃል ኑዛዜ እጅግ ጠበበ፤ ለሁለት ምስክሮች ተነግሮ የቀብርን ሥርዓት፣ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ የሚይዝ ሆነ። በዛሬ ገበያ 500 ብር በግ አይገዛም። ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር ከቆየም ኑዛዜው ይፈርሳል።

የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ መሬት በውርስ መተላለፉ ቀረ፤ ለሟች የትዳር ጓደኛና አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች የመጠቀም መብት ብቻ ተጠበቀ። መረሬው ከኑዛዜ ወጣ፤ ከብቱና ቤቱ ቀሩ። በኋላ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998 ገበሬው የመጠቀም መብቱን በኑዛዜ እንዲያስተላልፍ ፈቀደና ኑዛዜ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ከሁሉ የከበደው የጽሑፉ ሥርዓት ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡና የተነበበበት ቀንም በራሱ በጽሑፉ ላይ መገለጥ ይኖርበታል። በዚሁ ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ ሚስት ከጋራው ሀብት ግማሽ ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ከባሏ የግል ንብረት የምታገኘው እርሱ ሲናዘዝላት ነው። እንግዲህ አንድ ባል ከአባቱ የወረሰውን ቤት ለሚስቱ ተናዝዞላት፣ አራት ሽማግሎችም ሰምተው ፈርመው፣ የመንደሩ ጸሐፊ «በፊታችን ተነበበ» የምትለውን አንዲት መስመር ቢዘነጋ፣ ሽማግሎቹ ፍርድ ቤት ቀርበው መነበቡን ቢምሉላት እንኳ ሕጉ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ቤቱም ልጆች ካሉ ለልጆቹ፣ ከሌሉ ለወላጆቹ ወይም ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ያልፋል።