ቆሎና አብሾ

አእምሮን የሚያጸና ምግብ ምንድር ነው ቢሉ፥ የአብነት ተማሪ መጠሪያው ራሱ ይመልሳል፤ የቆሎ ተማሪ ተብሏልና። ከአሰላ በላይ በጭላሎ ደጋ የሚበቅለው፥ በታች በኦጎልቾም የሚቆላው ገብስ፥ ኃይሉን ለሰውነት ቀስ በቀስ ስለሚሰጥ፥ ዳዊትን በቃሉ ሲያጠና የሚውለውን ልጅ ራብ ቶሎ አያውከውም። በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቁሞ ስንዴ ቢስፋፋም፥ ቆሎና በሶ ከአርሲ ቤት አልወጡም።

ነገር ግን ከቀድሞ ተማሪዎች አንዳንዱ በዚህ አልረካም፤ ፈጥኖ ሊቅ ለመሆን ሽቶ ከአጠፋሪስ የተቀመመውን አብሾ ጠጣ። ያን ጊዜ አፉ ይለፈልፋል፥ ዓይኑ ይቃዣል፤ አእምሮው ታውኮ የቀረም አለ። በአጠፋሪስ ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የተባለው መርዝ፥ ሐኪሞች እንደ መረመሩት፥ አእምሮ አዲስ ነገርን ይዞ እንዳያኖር የሚከለክል ነው። ተማሪው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ቆሎው በአኮፋዳው ሳለ ጽዋውን ይፈልግ ነበር።