ፊደል መቁጠርና ፊደል ማወቅ፦ ስለ አቡጊዳ

በሀገራችን አንድ ሕፃን የንባብን ትምህርት ሲጀምር «ፊደል መቁጠር ጀመረ» ይባላል። አነጋገሩ እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የኔታ ዘንድ የገባ ልጅ ቀዳሚ ሥራው 33ቱን ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ በጠቅላላው 231 ሆሄያትን፣ በስንደዶ እየነካ በዜማ መጥራት ነበርና በእርግጥም መቁጠር ነው።

የጽሕፈታችን ጠባይ ለሕፃኑ አንድ ትልቅ ድካም ያቀልለታል። እንግሊዛዊው ልጅ አንዲት አጭር ቃል ለማንበብ የእያንዳንዱን ፊደል ድምፅ ነጥሎ አውጥቶ መልሶ ማዋሐድ አለበት፤ ይህም በዚያ አገር ለዘመናት ያከራከረ የማስተማሪያ ዘዴ ሆኖ ቆይቷል። የእኛው ልጅ ግን «በ» ሲል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይጠራል። በአንጻሩ ዋጋው በብዛት ይከፈላል፤ እንግሊዛዊው 26 ፊደላትን ሲለይ የእኛው ከ200 በላይ መለየት አለበት። የካዕብና የሣልስ ቅጥያዎች በአብዛኛው መልክ ስላላቸው ጥቂት ይረዱታል፤ ነገር ግን «ሩ» እና «ሪ»፣ «ፉ» እና «ፊ» ላይ ሲደርስ ሕጉ ይከዳዋል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ዜማ የያዘ ልጅ ፊደል የያዘ ይመስላል። በማስተማር ዘመኔ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ሳይሳሳት የሚወርድ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ መካከል ላይ «ቶ»ን ጠቁሜ «ይህ ማነው?» ብለው ዓይኑን ወደ ላይ አቅንቶ ከ«ሀ» ጀምሮ በለሆሳስ ማዜም ጀመረ፤ እየወረደ እየወረደ መጥቶ «ቶ» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር። ይሁንና ልጁ ቦታውን እንጂ ሆሄውን አላወቀውም።

የቀድሞ መምህራን ይህን ችግር አሳምረው ያውቁት እንደ ነበር የሚመሰክረው አቡጊዳ ነው። ሕፃኑ የ«ሀ ሁ»ን ተራ ከጨረሰ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ቀጥሎም «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» እያለ እንዲጠራ ይደረጋል። የመነሻ ፊደሎቹ ቅደም ተከተል ተለውጧል፤ ከዚያም በላይ አንዱ መስመር በየሆሄው ፊደሉንም ደረጃውንም በአንድ ጊዜ ይለውጣል፦ የአ ግዕዝ፣ የበ ካዕብ፣ የገ ሣልስ፣ የደ ራብዕ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ የለመደ አፍ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ዓይን ራሱ ሊያይ ይገደዳል። እርግጥ አቡጊዳም ውሎ አድሮ በቃል መያዙ አይቀርም። ቢሆንም ልጁ ያንኑ ሆሄ በሁለት የተለያዩ ጎረቤቶች መካከል አግኝቶታልና ከቦታው ነጥሎ የሚያውቅበት ዕድል ይሰፋለታል።

ከፊደሉ በኋላ የሚመጣው የንባብ ትምህርትም እንዲሁ በጥንቃቄ የተደረደረ ነው። መነሻው እንደ ልማዱ የዮሐንስ መልእክት ነው፤ በቁጥር ንባብ ሆሄያቱ አንድ በአንድ ይጠራሉ፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ በዜማ እየተያያዙ ይሄዳሉ፣ በቁም ንባብ ደግሞ ተነሹ፣ ወዳቂው፣ ሰያፉና ተጣዩ ተለይቶ ይነበባል። ይህ ድርድር ለምን አስፈለገ? ሳድስ ሁለት ጠባይ ስላለው ነው። «ስም» በሚለው ቃል «ስ» ድምፅ ይዛለች፣ «ም» ግን ባዶዋን ቆማለች፤ ሁለቱን ለየብቻ የጠራ ልጅ ወዲያው ቃሉን አያገኘውም። «አለ» ደግሞ ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ ጽሕፈቱ ግን አይለየውም። ሆሄ ከማወቅ ወደ ቃል ለመድረስ ድልድይ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የቀድሞዎቹም ድልድዩን ሠርተውት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ነቀፌታውም መናገር ይገባል። ንባቡ በግዕዝ ስለ ነበረ ብዙው ልጅ የሚያነበውን አይረዳም ነበር፤ ዳዊት ደግሞ ትርጉሙን ሳያውቅ የሚወጣው አያሌ ነው። የዘመናዊ ትምህርት ሰዎች ይህን መንቀፋቸው ፍትሐዊ ነው። ይሁን እንጂ የማያውቀውን ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ከሥዕልም ሆነ ከነገሩ አካሄድ ገምቶ ማምለጥ አይችልም፤ ሆሄውን ካላወቀ አላወቀም። ዛሬ በሥዕል ያሸበረቀውን ገጽ በቃሉ ይዞ የሚያነብ የሚመስል ልጅ ይህ ማጣሪያ የለበትም።

ተስፋ ገብረ ሥላሴ ፊደሉን በማተሚያ ቤታቸው አሳትመው ለየቤቱ ሲያዳርሱ ከ«ሀ ሁ» ጋር አቡጊዳውንና የዮሐንስን መልእክት አልለዩም ነበር። በኋላ በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የቀረው ግን የ«ሀ ሁ» ገበታ ብቻ ነው። ዜማውን ወርሰን ፈተናውን ጣልነው። ስሙስ ከአገር ወጥቶ ከበረ፤ አሜሪካዊው የጽሕፈት ሊቅ ፒተር ዳንየልስ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የእኛንና የሕንድን የመሳሰሉትን ጽሕፈቶች «አቡጊዳ» ብሎ ሰይሟቸዋል።

በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በተመዘነ ጊዜ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ተስኗቸው ተገኙ። ምክንያቱ የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጣበብ፣ የቋንቋም ነገር ነው፤ ሁሉንም በአቡጊዳ መጥፋት ላላክክ አልደፍርም። ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል ስንቶቹ በማለዳው ሰልፍ «ሀ ሁ»ን ከሁሉ አስበልጠው ያዜሙ እንደ ነበር ብናውቅ ደግ ነበር።

ያ ተማሪዬን በኋላ ገበታውን ገልብጬ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከግራም ከቀኝም በስንደዶ እየጠቆምኩ አስጠራሁት። ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብን። በመጨረሻ «ቶ»ን ስነካለት ወደ ላይ አላየም።