ማሞ ወልዴና ምሩጽ ይፍጠር በሌጎስ

የአገራችን ሯጮች ሲነሡ ሮማ፥ ሜክሲኮና ሞስኮ በሁሉ አፍ ይጠራሉ፤ ሌጎስን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ ልናነሣት ወደድን።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሎምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር፥ ማሞ ወልዴም በማራቶን የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። ምሩጽ ግን የ5,000 ሜትር ውድድር አመለጠው።

አራት ወር ሳይሞላ፥ በ1965 ዓ.ም. በገና ዕለት፥ ሁለተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታ በናይጄሪያ፥ በሌጎስ ከተማ ተከፈተ። በዚያም ምሩጽ በ10,000 ሜትር ወርቅ፥ በ5,000 ሜትር ደግሞ ከኬንያው ቤን ጂፕቾ ቀጥሎ ብር አገኘ። ማሞም በ40 ዓመት ዕድሜው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ32 ሴኮንድ አሸነፈ።

ይህ ሰዓት በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ድል ካደረገበት በ7 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ነገር ግን ሜክሲኮ ከፍ ያለ አገር ናት፤ ሌጎስ ወበቅ የማይለያት የባሕር ዳር ቆላ ናት። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ደገኛ በቀትር እንዴት እንደሚደክም እኛ የይፋት ቆላ ልጆች እናውቃለን፤ ስለዚህም ያን ድል በሰዓት ብቻ አንመዝነውም።

ምሩጽ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለቱንም ርቀት በወርቅ ፈጸመ። ሆኖም ከሙኒክ በኋላ መጀመሪያ ቀና ያለው በአፍሪካ ምድር ነበር። ከመካከላችን ፈተና ያመለጠው ቢኖር፥ ቀጥሎ የሚያገኘውን ሜዳ ትንሽ ነው ብሎ አይናቅ።