ከጉባኤ ቃና እስከ አይኤልትስ

ደብረ ታቦር ላይ ዲግሪውን ይዞ ‹‹ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ልሞክር›› የሚል ወጣት ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። ‹‹አይኤልትስ አለህ?›› ይሉታል። ቶፍል ሊሆንም ይችላል፤ ሰሞኑን ደግሞ ቤት ተቁጭቶ በኮምፒውተር የሚፈተኑት ዱዎሊንጎ አለ። ብቻ ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ እንግሊዝኛ መቻልህን አሳይ!

አይኤልትስ አራት ነገር ይጠይቃል። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። ንባቡ በ60 ደቂቃ 40 ጥያቄ ነው። ጽሑፉም 60 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ቢያንስ 150 ቃላት፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃላት። ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ቢሆን ነው። ውጤቱ ከዘጠኝ ይታሰባል። ልጁ ‹‹ስድስት ተኩል አመጣሁ›› ብሎ ሲዘል አባት ‹‹ከስንት?›› ቢሉት አይፈረድባቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ከመቶ የሚታረም ፈተና ነው።

ይሄን ስናይ የቋንቋ ችሎታ ፈተና የሚባለው ነገር ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ዕቃ ይመስለናል። አይደለም። እንዲያውም ከጉና ተራራ ግርጌ ዙሪያ ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ፈተና ከማንም በፊት የለመደ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እስቲ ወደ ቅኔ ቤት እንግባ። ከእናቱ ጡት ጋር ግዕዝ የጠባ ልጅ ዛሬ የለም፤ ከብዙ መቶ ዓመታት ወዲህም አልነበረም። ግዕዝ ለፋርጣውም፣ ለእስቴውም፣ ለጋይንቱም ልጅ ተምሮ የሚያገኘው ቋንቋ ነው። ታዲያ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ ግስ ያጠናል፣ እርባ ቅምሩን ይዘልቃል፣ አገባቡን ይይዛል። ይሄ ሰዋስው ነው። ግን በሰዋስው አያበቃም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ቅኔውን ራሱ ፈጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ይመልሱታል። ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሰው ቅኔ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ይታወቅበታል፤ ያፍራልም። ፈተናው ‹‹ምን ያህል ይዘሃል?›› የሚል ሳይሆን ‹‹በዚህ ቋንቋ ምን መፍጠር ትችላለህ?›› የሚል ነው።

ምስክር ወረቀት የሚሉትም ነገር አዲስ አልነበረም። ድጓ የተማረ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ‹‹ያስመሰክራል››። ዝማሬ መዋሥዕት ያጠና ወደ ዙር አምባ ይወጣል። የቤተልሔም ምስክር ነው ከተባለ በየትም ደብር ይከበራል። ዛሬ አንድ ወጣት አዲስ አበባ ተፈትኖ ያገኘው ውጤት አውስትራሊያና ካናዳ እንደሚሠራለት ማለት ነው።

ፈረንጆቹስ ከመቼ ጀመሩ? ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች የመጀመሪያውን የብቃት ፈተና የሰጠው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ፈተናው 12 ሰዓት ይፈጅ ነበር። የተፈተኑት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ወደቁ! ቶፍል በ1964፣ አይኤልትስ ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. መጡ። ቤተልሔም ድጓ ስታስመሰክር እነዚህ ሁሉ አልተወለዱም።

እንግሊዝኛ ወደዚህ አገር የመጣበት መንገድ ግን እንደ ቅኔው በልመና እህልና በመምህር ምርቃት አልነበረም። በመድፍና በደብዳቤ ነው።

ዓፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ታላቁ ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. የተቀለጠው እዚያ ነው። የሚገርመው የጋፋት ፈረንጆች አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ አገሩን ለመኖር ደግሞ አማርኛ መማር ነበረባቸው። ቫልድማየርም ፍላድም አማርኛ ተምረዋል። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ የቋንቋ ፈተና የሚፈተነው ፈረንጁ ነበር ማለት ነው።

ለንደን ጋ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ተላከ፤ በዚያው ዓመት ለንደን ገባ። ከዚያስ? የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። መልስ የለም። ንጉሡ ዓመት ጠብቀው በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩ። ነገሩን ያበላሸው የቋንቋ ችግር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በንቀትና በቸልታ የተቀመጠ ደብዳቤ ነው። ይሁን እንጂ ቴዎድሮስ ለንደን ሄዶ ‹‹የጌታዬ ደብዳቤ የት ደረሰ?›› ብሎ በእንግሊዝኛ የሚሞግት አንድ የራሳቸው ሰው አልነበራቸውም። በ1858 ዓ.ም. መልእክተኛ መላክ ሲያስፈልጋቸው እንኳን የላኩት ፍላድን ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አድርገው።

እንግሊዝም በበኩሏ እስረኞቹን እንዲያስፈታ የላከችው ሆርሙዝድ ራሳምን ነበር። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነው። አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ አይደለም፤ ተምሮ ነው የያዘው። ቋንቋውን ተምሮ ለንጉሠ ነገሥት ፊት የሚቀርብ መልእክተኛ ሆነ። ቋንቋ የተማረ ሰው ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ራሳም ምስክር ነው።

ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዝኛን ከእንግሊዞች አፍ የተማሩ ሁለት ልጆች ከዚያ አመድ ውስጥ ወጡ።

አንዱ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉበት። እንግሊዝ አገር ወሰዱት፤ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። አገሩን ሳያይ በ18 ዓመቱ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ፤ ዊንድሰር ተቀበረ። በዚያው ሰሞን፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጄኔራል ጎርደን የግብፅ ኬዲቭ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ላይ ከዓፄ ዮሐንስ ጋር ይደራደር ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቀው የንጉሥ ልጅ እዚያ፣ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ድርድር እዚህ!

ሁለተኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። ጎንደር ተወልደው፣ ሕፃን ሳሉ መቅደላ ላይ በአንድ የእንግሊዝ መኮንን ተወስደው፣ ሕንድ አድገው፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው ሐኪም ሆኑ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛ አይችሉም ነበር። ዘመድ ያወቃቸው በገላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። ኋላ ግን ያን እንግሊዝኛ ለአገራቸው ሠሩበት። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሟግተዋል። ለቴዎድሮስ የጎደላቸው ሰው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ ማለት ነው። ዋጋው ግን አንድ የልጅነት ዕድሜና አንድ የእናት ቋንቋ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ‹‹ማትሪክ›› የሚሉት ፈተናም ነበር። በፋኖስና በኩራዝ ያጠና የገበሬ ልጅ ማትሪክ ሲቀመጥ ከአማርኛው በቀር ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት አልነበረም፤ የሁሉም በር ነበር። ዛሬም ያው ነው። ልጁ እስከ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቋንቋ ይቀይርበታል።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መፍትሔ ተብሎ ፕላዝማ መጣ። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ አስተማሪ በቴሌቪዥን መስኮት በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምራል። ‹‹አልገባኝም›› ብትለው አይሰማህም። መብራት ከጠፋ ደግሞ እሱም ይጠፋል። ቅኔ ቤት ውስጥ መምህሩ የተማሪውን ስሕተት በየቀኑ ያርሙ ነበር፤ ፕላዝማ ግን ስሕተት መስማት የማይችል የመጀመሪያው መምህር ሆነ!

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ900 ሺህ ጥቂት ካነሰው ተፈታኝ ውስጥ ግማሹን ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን የምናስታውስ ነን። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው አይባልም። ነገር ግን ጥያቄውን በቅጡ ያላነበበ ልጅ መልሱን እንዴት ያውቃል?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዓመት የተረፈው ወጣት ነው በሦስት ወር ‹‹አይኤልትስ ልዘጋጅ›› የሚለው። ምን ያደርጋል? የተዘጋጀ ድርሰት ይሸመድዳል። ‹‹መግቢያው እንዲህ፣ መደምደሚያው እንዲህ›› የሚል ቅርጽ ከስልክ ወደ ስልክ ይላላካል። ፈታኞቹ ግን የተሸመደደ መልስ ለይቶ ማወቅን ሠልጥነውበታል፤ ነጥብ ይቀንሱበታል። ልክ እንደ ቅኔው መምህር!

ወጪውስ? የፈተናው ክፍያ ከጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል። ብዙው ተፈታኝ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ራሱ ፈተና ሆኖ ሰንብቷል። ብዙ ትምህርት ቤቶችም በራቸው ተዘግቶ ከርሟል። ያገኘው ውጤት የሚሠራው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት ዕድሉ ካልመጣ እንደገና ይከፍላል። ለአንዳንዱ ቤት ይህ የአንድ በሬ ዋጋ ነው። አንድ በሬ ሸጦ አምስት ነጥብ ተኩል ይዞ የተመለሰ ልጅ ቤተሰቡን ቀና ብሎ ማየት ይከብደዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ‹‹እንግሊዝኛ ይቅር›› ማለት ቀላል ነው፤ አያዋጣም። ቴዎድሮስን ያየ ይሄን አይልም። ‹‹አማርኛው ይቅርና ልጁ ገና ከአፉ እንግሊዝኛ ይልመድ›› የሚለውም አለ፤ ለዚያ መልሱን ሐኪም ወርቅነህ ከፍለውበታል። የቀረው መንገድ በእጃችን ያለው ነው። ቅኔ ቤት አማርኛውን ሳያስጥል፣ ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ አስተምሮ ባለቅኔ ያወጣ ነበር። በቴክኖሎጂ አልነበረም። ሦስት ነገር ነበረው፦ ጊዜ፣ የሚያርም መምህርና ተማሪው በየቀኑ የራሱን ነገር ይዞ እንዲመጣ የሚያስገድድ ወግ።

የደብረ ታቦርና የነፋስ መውጫ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ ሁለት የራሱን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ፣ መምህሩም ሰምቶ ቢያርመው፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ስንት ዓረፍተ ነገር ይሆናል? ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው። ጉባኤ ቃናም የምትጀምረው ከሁለት ቤት ነው።