የጠንካራና የለሰለሰ ውሃ ቅልቅል

የጠንካራና የለሰለሰ ውሃ ቅልቅል ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን ጥሬ ውሃ ከማለስለሻ መሣሪያ ከወጣው ውሃ ጋር በቤት ቧንቧ መስመር ውስጥ በመጠን በማደባለቅ የሚፈለገውን ጥንካሬ የማግኘት ዘዴ ነው።

መነሻው የማለስለሻው ባሕርይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ጋንስ ለውሃ ማለስለሻ ያዋለው የአዮን ልውውጥ ሁለቱን ማዕድናት ወስዶ በምትካቸው ሶዲየም ይሰጣል፤ የሚወጣው ውሃ ጥንካሬም ወደ ዜሮ ይጠጋል። በእንዲህ ያለ ውሃ የታጠበ ሰው ሳሙናው አልለቅ ያለው ይመስለዋል።

ስለዚህ ከዋናው መስመር የተወሰነ ውሃ መሣሪያውን ሳይነካ በጎን ያልፍና በማደባለቂያ ቫልቭ በኩል ከለሰለሰው ጋር ይገናኛል። ስሌቱ አያስቸግርም፦ 20 የጀርመን ዲግሪ ጥንካሬ ያለውን ውሃ ወደ 8 ለማውረድ 40 በመቶ ጥሬ፣ 60 በመቶ የለሰለሰ ይቀላቀላል። አንዱ ዲግሪ በሊትር 17.8 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ያህል ነው። እያንዳንዱ የተቀነሰ ዲግሪ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ስለሚጨምር፣ በዚህ ምሳሌ 98 ሚሊግራም ያህል ይታከላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ የተወሰነው ጣሪያ 200 ነው።

ቅልቅሉ በማሞቂያና በቧንቧ ውስጥ የሚጋገረውን የኖራ ቅርፊት ይቀንሳል። ተራው ቫልቭ ግን የጥሬውን ውሃ ለውጥ አያውቅም፤ አቅራቢው የውሃ ምንጭ ሲቀይር ጥንካሬው ዳግም ተለክቶ ቫልቩ መስተካከል አለበት።