የ«ሳንኮፋ» ተዋናዮች ከመተወናቸው በፊት ምን ነበሩ?

አንድ የታሪክ ፊልም አይተን ስንጨርስ የመጀመሪያው ጥያቄያችን የታወቀ ነው። «አክተሩ ማነው? ሌላስ ምን ላይ ሠርቷል?» እንባባላለን። ይህ ስለ ዝና የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ዛሬ ግን ጥያቄውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገን ልንጠይቀው ወደድን። ሰውየው ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት ምን ይሠራ ነበር? እንጀራውን ያገኝ የነበረው ከምን ነው? ያለፈ ዘመን ሰው ሆኖ እንዲተውን የተመረጠውስ ለምንድነው?

እኛ ሜጋ ላይ ያደግን ልጆች ፊልምን በአብዛኛው የተዋወቅነው በቪዲዮ ቤት ነው። እዚያ አክተር ማለት ጠመንጃ ይዞ የሚሮጥ ወይም በአንድ ቡጢ አምስት ሰው የሚዘርር ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ሰውዬ በፍጹም የማይመሳሰሉ ተዋናዮች ያሉበትን ፊልም ያየነው ዘግይተን ነው። ፊልሙ «ሳንኮፋ» ይባላል፤ የሠሩት የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው።

ላላያችሁት በአጭሩ እናስታውሳችሁ። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ስለ ባርነት ዘመን የሚተርክ ፊልም ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ፎቶ ልትነሣ ጋና ትሄዳለች። የምትነሣው ደግሞ በኬፕ ኮስት ግንብ ነው፤ በዚያ ግንብ ምድር ቤት ባሪያዎች ታጉረው መርከብ ይጠብቁ ነበር። ድንገት ዘመኑ ይገለበጥና ሞና ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና በሸንኮራ እርሻ ውስጥ ራሷን ታገኛለች። «ሳንኮፋ» የጋና አካኖች ቃል ነው። ተመልሰህ የተውከውን ውሰድ እንደማለት ነው። ምልክቱም አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ነች።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ከዳይሬክተሩ ብንጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም እሳቸውም መጀመሪያ ተዋናይ ነበሩ።

የኃይሌ አባት ገሪማ ታፈረ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው የጻፉ ሰው ናቸው። ቴአትር እየደረሱም ያሳዩ ነበር። ልጁ መድረክን የለመደው በአባቱ ቴአትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ወደሚገኘው ጉድማን የቴአትር ትምህርት ቤት የሄደውም ትወና ሊማር ነበር። ታዲያ እዚያ ለጥቁር ተማሪ የሚሰጠው ሚና ምን ዓይነት እንደነበር መገመት አያቅትም፤ አሽከር ወይም ከኋላ የሚቆም ሰው ነው። ወጣቱ ኃይሌ ይህ አንገሸገሸው። ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠና። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። በዚሁ ወቅት የሠራው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው አገር ቤት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የተወኑትም በአብዛኛው ሙያተኛ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

ይህን ልብ በሉልን። ኃይሌ ገሪማ ተዋናይነትን የተዉት ሌላ ሰው በሰጣቸው ሚና ምክንያት ነው። በኋላ ሚና ሰጪ ሲሆኑ ማንን መረጡ?

ጠንከር ያለው መልስ ኮፊ ጋናባ ናቸው። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ከበሮ እየመቱ የሙታንን መንፈስ የሚጠሩት፣ ቱሪስቶቹን ከግንቡ የሚያባርሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ጋናባ ተዋናይ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1923 አክራ ሲወለዱ ስማቸው ሌላ ነበር፤ ዓለም ያወቃቸውም ጋይ ዋረን በሚል ስም ነው። አስተማሪ ለመሆን አቺሞታ ኮሌጅ ገብተው ነበር፣ አልጨረሱትም። ጋዜጠኛም ነበሩ፤ የራዲዮ ሙዚቃ አቅራቢም ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን ከበሮ መቺ ነበሩ። በምዕራብ አፍሪካ ዝነኛ በነበረው «ቴምፖስ» ባንድ ውስጥ ከኢ.ቲ. ሜንሳህ ጋር ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ገብተው የአፍሪካን ከበሮ ከጃዝ ጋር ያዋሐደ አልበም አሳተሙ።

እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። አልቀሩም። አገራቸው ተመለሱ፤ በ1970ዎቹም ጋይ ዋረን የሚለውን ስም ጥለው ጋናባ ተባሉ። የጋና ልጅ ማለት ነው። ከአክራ ወጣ ብላ በምትገኝ ሜዲዬ በምትባል ቦታ የሙዚቃና የታሪክ መዛግብት እያከማቹ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 አረፉ።

እንግዲህ ተመልከቱ! የፊልሙ ርዕስ «ተመልሰህ ውሰድ» ነው የሚለው፤ ፊልሙን በከበሮ የሚከፍቱት ሰውዬ ደግሞ በእውን ተመልሰው የወሰዱ ናቸው።

ሁለተኛው ሙታባሩካ ነው። በፊልሙ ሻንጎ የሚባለውን፣ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣውንና ለመገዛት እንቢ ያለውን ባሪያ ይጫወታል። ሾላን የሚያፈቅራትም፣ ለዐመፅ የሚያነሣሣትም እሱ ነው። የሻንጎ ንግግር ከተጻፈለት የተማረው አይመስልም፤ እውነትም ነው፣ ሙታባሩካ መተዳደሪያው ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግስተን ሲወለድ አለን ሆፕ ይባል ነበር። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ የጃማይካ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ሆነ። በ1971 ሥራውን ትቶ ወጣ። ካቶሊክ ሆኖ ቢያድግም ራስታ ሆነ። ግጥሞቹን በሬጌ ምት ላይ እያነበበ ታወቀ፤ በባዶ እግሩ መድረክ ላይ በመውጣትም ይታወቃል። በጃማይካ ራዲዮም ለረጅም ዓመታት ሰዎችን የሚያወያይ፣ የሚያናድድም ፕሮግራም አቅርቧል። ስሙን የወሰደው ከአንድ ሩዋንዳዊ ገጣሚ ነው።

ደግሞ ይቺን አስቡልን። ጃንሆይ ጃማይካን የጎበኙት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1966 ነው። የዚያ አገር ራስታዎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዙረው ነበር። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ አንድ ጎንደሬ ዳይሬክተርና አንድ ጃማይካዊ ራስታ ስለ ባርነት በሚናገር ፊልም ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ጉዳዩን ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም የሚያውቁት።

በሙያው የሠለጠኑ ተዋናዮችስ አልነበሩም ወይ? ነበሩ እንጂ! ኑኑ የምትባለውን፣ ከአፍሪካ የመጣችውንና የአገሯን ነገር የማትረሳውን እናት የተጫወቱት ጋናዊቷ ተዋናይት አሌክሳንድራ ዱአህ ናቸው። ከባሮቹ አለቆች አንዱ የሆነውን ኖብል አሊን ደግሞ አፌሞ ኦሚላሚ ተጫውቶታል፤ በዓመቱ «ፎረስት ጋምፕ» ላይ ወታደር አሠልጣኙን ሆኖ ሲጮህ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ባሪያ ሆኖ ባሪያ የሚገርፍ፣ ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው መጫወት ከባድ ሥራ ነው፤ ሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ ኃይሌ ትምህርት አያስፈልግም እያሉ አይመስለንም። የምንለው ሌላ ነው። የተማረውን ተዋናይና ከሕይወት የመጣውን ሰው አንድ ላይ አቆሙ፤ አንዱ ሌላውን እንዲያስተካክል።

ይህ አመራረጥ ዋጋ አላስከፈላቸውም ማለት ግን አይደለም። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጀ። ፊልሙ ካለቀ በኋላም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም፤ ዝነኛ አክተር የለበትም፣ ታሪኩም ያስከፋል። ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡ ተሰለፈ። በኋላ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የከፈቱት መጻሕፍት ቤትም ስሙ «ሳንኮፋ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሙ ታድሶ እንደገና ወጣና በኔትፍሊክስ ታየ።

ይኸው ልማድ «ጤዛ» ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመው፣ በሚቀጥለው ዓመት ኡጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደው «ጤዛ» የደርግን ዘመንና ጀርመን የነበሩ ተማሪዎቻችንን ታሪክ ይነግራል። እዚያ ውስጥ ካሳንድራ የምትባለውን፣ አውሮፓ ውስጥ ጥቁር ሆና የምትኖረውን ሴት የተጫወተችው አራባ ኤቭሊን ጆንስተን አርተር ናት። አራባ በኦስትሪያ የጥቁሮችን ታሪክ የምታጠና ተመራማሪና ተሟጋች ነች፤ ወጣት አፍሪካውያን የሚሰባሰቡበትን «ፓሞጃ» የተባለ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ነች። ካሳንድራ የምትናገረውን አራባ ከፊልሙ ውጪም ስትናገረው የኖረች ናት።

ወደ እኛው ዘመን ስንጠጋ «ድፍረት» አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ፊልም በ1996 በጠለፋ ላይ የተነሣን ክርክር ይተርካል። ጠበቃዋን የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ገጣሚ ናት፤ በ«ዳና» ድራማ ሁላችንም እናውቃታለን። ልጅቷን የተጫወተችው ትዝታ ሃገሬ ናት፤ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ የማታውቅ ተማሪ ነበረች። እዚህም ሙያና ሕይወት ጎን ለጎን ቆሙ። ግን አንድ ነገር ጎደለ። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ታገደ፤ ታሪኩ የደረሰባት ሴት አላማከሩኝም ብላ ነበር። ነገሩ በኋላ ተፈቶ ፊልሙ ታየ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። ተዋናይ ስንመርጥ የታሪኩን ባለቤት የት እናስቀምጠዋለን?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሜጋ ታሪክ ያለባት ከተማ ናት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኬንያ ተነሥቶ፣ በዝናብና በብርድ ውስጥ፣ የጣሊያንን ምሽግ ከብቦ የያዘው እዚሁ ነው። አንድ ቀን አንድ ፕሮዲውሰር መጥቶ ይህን ፊልም ልሥራ ቢል ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ይታየናል። ጄኔራሎቹን የውጭ አክተሮች ይጫወታሉ። አስተርጓሚውን አንድ የአዲስ አበባ አክተር ይጫወታል። ቦረናዎቹ ግመል እየነዱ ከኋላ ያልፋሉ። ቺካጎ ላይ ለኃይሌ ተሰጥቶ የነበረው ሚና ማለት እኮ ይኸው ነው!

ሌላ መንገድ የለም ወይ? ቦረና ውስጥ ታሪክ በቃል የሚይዙ ሽማግሌዎች አሉ። የእያንዳንዱን አባ ገዳ የስምንት ዓመት ዘመን እየቆጠሩ፣ በማን ጊዜ ምን ጦርነት፣ በማን ጊዜ ምን ድርቅ እንደነበረ ይናገራሉ። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ከመረጃ ምንጮቻቸው አንዱ አረሮ ራማታ የሚባሉ እንዲህ ያሉ ሊቅ ነበሩ። ከዱብሉቅ ወዲያ በቱላ ጉድጓዶች ደግሞ ወጣቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ውኃ ያወጣሉ። ኤል ሶድ ላይ ጎልማሶች ወደ እሳተ ገሞራው ጉድጓድ ወርደው ጨው ከውኃው ሥር ይዝቃሉ። እነዚህ ሰዎች ሲቪያቸው ላይ «ትወና» የሚል አይገኝም። ጋናባም አልነበራቸውም።

ሁሉም ሰው ተዋናይ ይሁን አንልም። በጥሩ ዳይሬክተር ያልተመራ ሽማግሌ ካሜራ ፊት ሊደነግጥ ይችላል፤ ከድርጊቱ ቦታ የመጣ ሰው ሁሉ ጥሩ አይተውንም። ለዚህም ነው ለአካባቢያችን ልጆች የትወናና የፊልም ሥልጠና የሚያስፈልገው። ግን ሥልጠናው ሲመጣ ከሽማግሌው ጋር አብሮ ይምጣ። ልጁ ካሜራውን፣ ሽማግሌው ዘመኑን ይያዙ።

እስከዚያው የቤት ሥራ አለን። በየቤታችሁ ያሉ አያቶችን ስለ 1933ቱ ጦርነት የሰሙትን ጠይቋቸው፤ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ማን ይተውነዋል የሚለው በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ግን የሚተወነው ነገር በባለቤቶቹ ድምፅ እጃችን ይግባ።