ከበሬ ልብ የመጣው ቁጥር

አዲስ አበባ፣ አያት በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ታካሚው መጀመሪያ ካሸሩ ጋ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ይዞ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው የምርመራው ስምና ብሩ ነው። በአሜሪካ ግን ያው ምርመራ በቁጥር ይጠራል። ለካርዲዮሊፒን ፀረ እንግዳ አካል 86147፣ በእፉኝት መርዝ ለሚሠራው የደም መርጋት ምርመራ ደግሞ 85613 ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ታሪክ ከቂጥኝ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1906 አውጉስት ፎን ቫሰርማን የቂጥኝን የደም ምርመራ አስተዋወቀ። በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን ለዚሁ ምርመራ የሚያገለግለውን ካርዲዮሊፒን የተባለ ንጥረ ነገር ከበሬ ልብ ለይታ አወጣች። ችግሩ ግን ምርመራው አንዳንዴ ቂጥኝ የሌለበትንም «አለበት» ማለቱ ነበር። በዚህ ስንት ትዳር ተናግቶ ይሆን?

በ1983 ለንደን ውስጥ ሐኪሙ ግራሃም ሂዩዝ ለዚህ ስህተት አንዱ ምክንያት የሆኑትን የካርዲዮሊፒን ፀረ እንግዳ አካላት ከደም መርጋትና ከተደጋጋሚ ውርጃ ጋር አያያዛቸው። ፅንስ በተደጋጋሚ ለሚጨናገፍባት እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ከታወቀ ሐኪሟ በአስፕሪንና በሄፓሪን ሊረዳት ይችላልና።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እነዚህን መሰል ቁጥሮች የያዘውን የሕክምና ኮዶች መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1966 ነው። ቁጥሩ ክፍያው በሦስተኛ ወገን፣ ማለትም በመድን ድርጅት፣ ሲፈጸም ያገለግላል።

እኛ ዘንድ ሦስተኛው ወገን ዘግይቶ መጣ። የካ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከመቶ ዓመት በላይ ሲያክም፣ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። አባሉ ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ ጤና ጣቢያው ሒሳቡን ከመድኑ ይጠይቃል።